ለሰፈሩ ያሸተተ አፍንጫ

ሰፈራችን ውስጥ ውኃዬ ሸተተኝ ያለ ሰው የሚሄደው ወደ ጤና ጣቢያ አልነበረም፤ ወደ ውኃ መሥሪያ ቤትም አልነበረም። ወደ ነዳጅ ቀጂው ቤት ነበር። ከጓሮው ጉድጓድ ያወጣውን በብርጭቆ ይዞ፣ አቧራ እንዳይገባበት በመዳፉ ከድኖ፣ መጥቶ የቆርቆሮውን በር ያንኳኳል። ቀጂው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይወጣል። ብርጭቆውን ይቀበልና አፍንጫውን ውኃው ሊነካው እስኪደርስ ያስጠጋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ይስባል፣ ከዚያ ጎንጨት ያደርጋል።

«ምንም የለበትም» ይላል። «እኔ ነዳጅ ያላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው? ሂድ፣ ጠጣ።»

ሰውየው ይሄዳል፣ ይጠጣል፣ ልጆቹንም ያጠጣል። ዕድሜ ልኩን ነዳጅ ሲቀዳ የኖረ ሰው አይሸትም ካለ አይሸትም ነዋ። ማን ይከራከረዋል? እኔ እንኳ፣ በሁሉ ነገር አፌን የምከፍተው፣ በዚህ አልተከራከርኩትም።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሰጥቶት በጭብጨባ የተሸኘ ሰው ነው፤ ሰዓቱም ብዙ ሳይቆይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስለ ትልልቆቹ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ሐውልታቸውን የሚያጥብ ሳይቀር ተቀጥሮላቸዋል። እኔ ስለ ቀጂው እጽፋለሁ፤ ደስ ያላለው አያንብበው።

ሥራ የጀመረው ገና ጢሙ ሳያቀማቅም ነው። ከሰፈራችን በላይ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ማደያ ሲከፈት ቱታ ለብሰው ከቆሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነበር፤ ማደያው ሲዘጋም ለመጨረሻው መኪና የቀዳው እሱ ነው። የመኪናው ታንክ ሊሞላ ሲል በድምፁ ያውቀዋል። ጆሮውን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ ልክ ሲደርስ ቱቦውን ነቅሎ አፉን ወደ ላይ ያዞራል። አንዲት ጠብታ መሬት ላይ አትወድቅም። ጠብታ ያፈሰሰ አዲስ ቀጂ ካየ ጨርቅ ወርውሮለት «ጥረገው፤ መሬቱ የሰው ነው» ይለዋል። መሬቱ የሰው ነው። እስቲ ይህንን የተናገረ አንድ ሥራ አስኪያጅ አምጡልኝ።

ቤቱን የሠራው ከማደያው አጥር ሥር፣ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ነው። ለሥራ ይቀርበኛል ብሎ ነው። ጉድጓዱንም የቆፈረው ራሱ ነው፤ አፉን በድንጋይ ከቦ፣ የብረት ክዳን አስበይዶ፣ ክዳኑን ሰማያዊ ቀለም ቀባው። ቧንቧችን ሲፈልግ የሚመጣ፣ ሲፈልግ የሚጠፋ እንግዳ ስለሆነ ሁላችንም የምንኖረው በጉድጓድ ውኃ ነው። ከሁሉም የጠራው ግን የቀጂው ነው እየተባለ ጎረቤት እየመጣ ይቀዳ ነበር።

ሚስቱ ቀልደኛ ነበረች። «እኔ ሰው አይደለም ያገባሁት፤ ማደያ ነው ያገባሁት» ትላለች። ቱታውን ለብቻ ትዘፈዝፈዋለች፣ ደጋግማ ታጥበዋለች፣ ትራሱን ፀሐይ ታስመታለች፤ ሽታው ግን ንቅንቅ የለም። ለእንግዳ ወንበር ስታቀርብ «እሱ አጠገብ የምትቀመጥ ከሆነ ክብሪትህን በር ላይ ተው» ትለዋለች። እሱ ከት ብሎ ይስቃል። «ምኑ ነው የሚሸተው? እኔ እኮ ምንም አይሸተኝም» ይላል።

አይሸተውም ነበር። ቀልድ መስሎን አብረነው ሳቅን እንጂ ሰውየው እውነቱን ነበር። እንዲያ ያለ ዕድሜ ቤንዚን ሲምግ የኖረ አፍንጫ ቤንዚንን ረስቶታል፤ ሌላውን ሁሉ ሲያሸት ያንን አንዱን ብቻ ዘግቶታል። እኛ ደግሞ ብርጭቆ ይዘን የምንሄደው ወደዚያው አፍንጫ ነበር። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ መርጠን፣ ለዚህ ነገር የደነቆረውን አንድ ሰው ዳኛ አደረግነው። የሞኝነታችንን ልክ እዩት።

ስለ ዘንጉም ልናገር፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። ነዳጁ ያለው መሬት ውስጥ በተቀበረ ታንክ ነው። ቀጂው ጠዋት ጠዋት የታንኩን ክዳን ከፍቶ፣ ጫፉ ነሐስ የሆነ ረጅም መለኪያ ዘንግ ወደ ውስጥ ይለቃል፤ ዘንጉ የታንኩን ወለል ሲመታ ያወጣውና የራሰበትን ያነባል። አንድ ወቅት ላይ ነዳጅ መጉደል ጀመረ። የተሸጠውና የቀረው አልገጥም አለ። ሥራ አስኪያጁ ቀጂዎቹን ሰበሰባቸው።

«ነዳጅ እግር የለውም» አለ። «ወይ ትጠጡታላችሁ፣ ወይ ትወስዱታላችሁ።»

ከቀጂው ጋር አብሮ የሠራ አንድ ባልደረባው በዚያ ሰሞን ሌባ ተብሎ ተባረረ። ቀጂው ግን ሌባ ላለመባል ዘንጉን የሙጥኝ አለ። ጠዋት ይለካል፣ ፈረቃ ሲቀየር ይለካል፣ ማታ ሲዘጋ ይለካል። ዘንጉን ለቀቅ ሲያደርገው ወለሉን «ቋ» ሲል ካልሰማ ልኬቱ አይረጋለትም። እንደገና ያነሳዋል፣ እንደገና ይለቀዋል። ቋ። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ፣ በዚያችው አፍ፣ በዚያችው ቦታ። የሰፈር ልጆች «ጋሼ ቋቋ» እስኪሉት ድረስ።

ማደያው ከተዘጋና እሱም ጡረታ ከወጣ በኋላ ሚስቱ ታመመች። መጀመሪያ ድካም ነበር። «እርጅና ነው» አለች። ከዚያ ክንዷ ላይ ማንም ሳይነካት ሰማያዊ ምልክት መውጣት ጀመረ። «ሰው ሲያየኝ ባሏ ይደበድባታል ሊል ነው» ብላ ቀለደችበት። ከዚያ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ደም በደም ሆነ። ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ደሟ የሚሠራው አጥንቷ ውስጥ ነው፣ አጥንቷ ደግሞ መሥራቱን እየተወ ነው አለ። ከሰው ደም ይሰጣታል፣ ትንሽ ቀና ትላለች፣ ተመልሳ ትወድቃለች። ሐኪሙ የሥራዋን ዓይነት ጠየቃት፤ የቤት እመቤት ነኝ አለችው፤ ጻፈና ሌላ ገጽ ገለጠ። ስትወጣ «ንጹሕ ውኃ በብዛት ጠጪ» አላት።

ቀጂው ይህችን ትእዛዝ ይዞ ገባ። በሽታው ከአቅሙ በላይ ነው፤ ውኃ መቅዳት ግን ያውቅበታል። ጠዋት ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የሰማያዊውን ክዳን ድምፅ እንሰማለን። ቀድቶ፣ በብርጭቆ ማንቆርቆሪያ ሞልቶ፣ በሳህን ከድኖ ራስጌዋ ያኖርላታል።

«የቧንቧው ሲመጣ ከዚያ ስጠኝ፤ አትልፋ» ትለዋለች።

«የቧንቧው መድኃኒት ተጨምሮበታል፤ ላንቺ አይሆንም። በይ አሁን ጠጪ፤ ግማሹን ትተሽዋል።»

እና ትጠጣለች። እሱ ቆሞ ያያታል። ጨርሳ ብርጭቆውን ስትመልስለት ፊቱ ይበራል። ይህንን እያየሁ ያለፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ መሐል የማደያው ባለቤቶች ቦታውን ሊሸጡት አሰቡ። ገዢው መሬቱ ይመርመርልኝ አለ። ለእኛ ለታችኞቹ ተጨንቆ እንዳይመስላችሁ፤ ፎቅ ሊሠራበት ስለሆነ ነው። እኛ ከሥሩ ስንጠጣ በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይመርመር ያለ አልነበረም። መቆፈሪያ ማሽን በከባድ መኪና ተጭኖ መጣ፤ ከእሱ ጋር አንዲት ጂኦሎጂስት፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ቦቲዋ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነ ሴት። ሠራተኞቹ «ኢንጂነር» ይሏታል፤ እሷ «ኢንጂነር አይደለሁም» ትላለች፤ እነሱ አይሰሟትም።

ቀጂው ወንበሩን አውጥቶ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። ከሚስቱ ራስጌ በተነሳ ቁጥር የሚሄደው ወደዚያ ሆነ። ማሽኑ እየጮኸ ረጅም ብረት ወደ መሬት ይሰድዳል፤ ሲያወጣው ብረቱ ሆድ ውስጥ የታጨቀ አፈር ይዞ ይመጣል። ላይኛው ቀይ ነው። ወረድ ሲል ቀይነቱ ይጠፋና አረንጓዴ አመድ የመሰለ ይሆናል። ጂኦሎጂስቷ ጓንቷን አጥልቃ ከየጥልቀቱ ትቆነጥርና በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ታስረዋለች፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ ትደረድረዋለች። ሲሞቅ ከረጢቱን በአንዲት የእጅ መሣሪያ ጫፍ ትወጋዋለች፤ መሣሪያዋ አፈሩ ውስጥ ያለውን የነዳጅ ትነት ስባ ቁጥር ታወጣለች። ሠራተኞቹ መሣሪያዋን «አፍንጫ» ነው የሚሏት። «አፍንጫዋን አምጣ፣ አፍንጫዋን ቻርጅ አድርጋት» ሲሉ ቀጂው ይስቃል።

«እኔን ብትቀጥሩኝ ኖሮ ቻርጅ አልፈልግም ነበር» አላቸው።

«አባባ፣ ይቺ ጡረታ አትጠይቅም» አለችው ጂኦሎጂስቷ።

ወዳጅ ሆኑ። ሻይ ያመጣላታል፤ በአጥሩ ቀዳዳ ያቀብላታል። ጉድጓዶቹ ውስጥ ቱቦ ከተተከለ በኋላ በየቱቦው የውኃውን ከፍታ እየለካች ወረቀት ላይ መስመር ስትስል አያት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የምትስይው?»

«የከርሰ ምድሩ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ነው አባባ። በዚህ ቱቦ ውኃው ከፍ ይላል፣ በዚያኛው ዝቅ ይላል። ወደ ዝቅተኛው ነው የሚሄደው።»

«ወዴት ሆነ ታዲያ?»

«ወደ ታች ነው።»

«ውኃ ወደ ላይ ሲሄድማ እኔም አላየሁም። የቱ ታች ነው ያልኩሽ?»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ጫፉ በአጥሩ በኩል አልፎ ሰማያዊው ክዳን ላይ አረፈ። ወዲያው እጇን አወረደችው።

«የማን ቤት ነው ያ?» አለች።

«የኔ ነዋ።»

ወረቀቷን አጥፋ ወደ ቱቦዎቿ ተመለሰች። እንድትሠራ የተፈቀደላት ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ነበር። ከአጥሩ ውጭ አንድ ጉድጓድ ልቆፍር ብላ ጠይቃ «ንብረታችን ያለው እስከ አጥሩ ነው» ተብላለች። አዎ፣ ንብረታቸው አጥሩ ላይ ያበቃል። ነዳጃቸው ግን አጥር አያውቅም፤ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ደጅ አላንኳኳም። ይህን ለመረዳት ምን ያህል ትምህርት ይፈልጋል?

ከዚያ ታንኩ የሚወጣበት ቀን መጣ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አጥሩ ላይ ተለጠፈ። ኤክስካቫተሩ አፈሩን ጠርጎ ታንኩን በሰንሰለት አንጠለጠለው፤ ዝገቱ እንደ ቅርፊት እየረገፈ በጎኑ አጋደሙት። ጎኑ ደኅና ነበር። መገጣጠሚያውም ደኅና ነበር። ጂኦሎጂስቷ ዞራ ዞራ ሆዱ ሥር ጎንበስ አለች፤ ጣቷን ወደ አንዲት ቦታ አስጠጋች። የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ናት። ዙሪያዋ ግን ዝገት አልነበረም። እንደ ማንኪያ ሆድ ጎድጎድ ብሎ፣ ተወልውሎ ያብለጨልጫል።

ቀጂው አስፈቅዶ ገብቶ ነበር። «የቱ ጋ ነው?» አለ።

«ከታንኩ አፍ ትይዩ አባባ። ልክ ከሥሩ።»

«ምን በሳው?»

እሷ የምታወራው ሰው ማን እንደሆነ አላሰበችም፤ ሙያዋን እያስረዳች ነበር። «የመለኪያው ዘንግ ነው» አለች። «አንድ ቦታ ሁልጊዜ ሲመታ ብረቱን ይበላዋል። ለዚያ ነው ከአፉ ሥር አንዲት ወፍራም ሳህን ብረት የሚበየደው። ይሄኛው ላይ አላደረጉም።»

ቀጂው እጁን አየ። ቀኝ እጁን ገለበጠ፣ መዳፉን አየ። ከዚያ «እሺ» ብሎ ወጣ። ከኋላው አንድ አላዋቂ «ጋሼ ቋቋ፣ ሥራህን አየኸው?» ብሎ ሳቀ። እኔ በዚያ ሰው ላይ ያወረድኩበትን እዚህ አልጽፈውም፤ አይታተምም።

ግን ለሁላችሁም በግልጽ ልበል። ያንን ታንክ የበሳው ቀጂው አይደለም። የበሳው የመዳፍ ስፋት ያላትን ብረት መበየድ የታከተው ነው። ነዳጁ ሲጎድል መሬቱን ከመጠርጠር ሰውን መጠርጠር የቀለለው ነው። «ሌባ ናችሁ» ባይላቸው ኖሮ ያ ሰው በቀን ደጋግሞ ዘንግ ይለቅ ነበር? ታማኝነቱን ሊያስመሰክር በለካ ቁጥር ታንኩ ተበላ፤ ታንኩ በተበላ ቁጥር ነዳጁ ጎደለ፤ በጎደለ ቁጥር እንደገና ለካ። ሌባ ተብሎ የተባረረው ባልደረባው ስሙ ሳይነጻ ሞቷል። የጠፋው ነዳጅ ደግሞ የትም አልሄደም ነበር። እግር የለውም የተባለው ነዳጅ ቀስ እያለ ወርዶ እኛ ዘንድ ገብቷል።

በማግስቱ ቀጂው ወንበሩ ላይ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ ጂኦሎጂስቷን በአጥሩ ቀዳዳ ጠራት።

«ልጄ፣ ጉድጓዴን እይልኝ።»

«አባባ፣ ከአጥሩ ውጭ ተከልክያለሁ።»

«ለሻይ ነው የጠራሁሽ። ሻይ ተከልክለሻል?»

«ሻይ አልተከለከልኩም።»

«እንግዲያው ነይ። አፍንጫሽንም ይዘሽ ነይ። ንጹሕ ነው፤ እኔ ዘወትር አሸተዋለሁ። አንቺ ንጹሕ ነው ብለሽ ስትነግሪኝ ግን ልቤ ያርፋል። የታመመ ሰው አለብኝ።»

ይህንን ሲላት እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ድምፁ እንደ ወትሮው ነው፤ የአጥሩን ሽቦ ግን አልለቀቀም።

መጣች። የበረዶ ሳጥኗንና ጠርሙሶቿን ይዛ መጣች። ቀጂው ክዳኑን በሁለት እጁ አንስቶ ጎንበስ አለ፣ በረጅሙ ሳበ፣ ቀና ብሎ «ይኸው፣ ምንም» አላት። እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ነበር። በእጅጌዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። እኔም ከክዳኑ በላይ ሆኜ ያንን ያህል ቀርቤ አላውቅም ነበርና ሽታው ግንባሬን ሲመታኝ ገባኝ። ማንም ማሽን አያስፈልገውም ነበር።

«አባባ፣ አይሸትዎትም?» አለችው ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። መሣሪያዋን በጉድጓዱ አፍ ላይ ዘረጋች፤ ቁጥሩ ሽቅብ ሮጠ፣ መሣሪያዋም ትጮህ ጀመር። ግልጽ ቀጭን ቱቦ በገመድ አውርዳ ቀዳች፣ ወደ ብርሃን አነሳችው። ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ነው። አናቱ ላይ ግን የዝናብ ቀን አስፋልት ላይ እንደምናየው ዓይነት፣ በየቀለሙ የሚያብረቀርቅ ስስ ነገር ይንሳፈፋል። ቀጂው መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ አየ። ማየትስ ይችላል።

እሷ ጠርሙሶቹን አፍ እስከ አፍ ሞላች፣ አረፋ እንዳይቀር ገልብጣ አየች፣ በረዶው ውስጥ ቀበረቻቸው። እጇ ይሠራል፤ ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር።

«ከዚህ ውኃ ማን ይጠጣል?» አለች።

ቀጂው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ክዳኑን መለሰ፤ ዞሮ ወደ ቤት ገባ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ቆይቶ ነው የነገረኝ። ገብቶ ራስጌዋ ተቀመጠ። ማንቆርቆሪያው በሳህን እንደተከደነ እዚያው ነበር። አንስቶ እግሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ?» አለችው።

«ጉድጓዱ ውስጥ ነዳጅ አለ።»

ወደ ማንቆርቆሪያው ዞር አለች።

«ይሸትሽ ነበር?» አላት።

«ይሸተኝ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ከድሮም።»

«ታዲያ አንድ ቀን አትናገሪም? አንድ ቀን?»

«ምን ብዬ ልናገር?» አለችው። «አንተ መስለኸኝ እኮ ነው። የምትቀዳልኝ አንተ፣ ገመዱን የምትይዘው አንተ፣ ብርጭቆውን የምታጥበው አንተ። እጅህ ነው አልኩ። ጡረታ ወጥተህም ሽታህ ከቤት አልወጣም፤ ደስ ይለኝ ነበር። አንተ እዚያ አጥር ሥር ስትውል ብርጭቆውን ሳነሳ አጠገቤ ያለህ ይመስለኛል።»

ቀጂው ይህን ሲነግረኝ አላለቀሰም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልበለው፤ ባራዝመው ስድብ ይሆናል። ጂኦሎጂስቷ የጠርሙሶቹን ውጤት ይዛ ለአለቆቿ አቀረበች። ያለ ፈቃድ የተወሰደ ናሙና ነው፣ ቦታው ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው፣ አይቆጠርም አሏት። ለሰፈሩ ይነገር አለች። የመጨረሻው ሪፖርት ሳይጸድቅ ሕዝብ ማስደንገጥ ክልክል ነው አሏት። ሕዝብ ማስደንገጥ ክልክል ነው፤ ሕዝብ ማጠጣት ግን አልተከለከለም። ወደ ሌላ ሥራ አዛወሯት። ከመሄዷ በፊት መጥታ ሚስቱን ግንባሯን ስማ ሄደች።

ቀጂው ሪፖርት አልጠበቀም። ከዘራውን ይዞ ከራሱ በር ጀምሮ ቁልቁል በር በር እያንኳኳ ወረደ።

«አይሸትም ብያችሁ ነበር» ይላል። «ይሸታል። አፍንጫዬ ሞቷል። አትጠጡት።»

አንዷ እናት ምንም ሳትናገር ጀሪካኗን አንስታ ደጃፏ ላይ ደፋችው፤ እሱ የሚፈሰውን እያየ ቆመ። ሌላው ደግሞ በሩን ይዞ «ያኔ አይሸትም፣ አሁን ይሸታል፤ የቱን ጋሼ ልመን?» አለው።

«ያሁኑን» አለ ቀጂው። «የያኔው ሰውዬ አላወቀም።»

አንዱን በር ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ ግድግዳ ይደገፋል። ልደግፍህ ብለው «አንተ አፈኛ፣ ዛሬ ዝም በል፤ ይህ የኔ ነው» አለኝ። ከኋላው ተከተልኩት። የመጨረሻው ቤት ደርሶ ተመለሰ። በሰፈሩ ውስጥ ያን የመሰለ ሪፖርት ያቀረበ ባለሥልጣን አላየሁም፤ አላይምም።

ሚስቱን ከሩቅ፣ በጀርባው በተሸከመው ጀሪካን፣ ሌላ ውኃ እያመጣ አጠጣት። ትንሽ ቀና ያለች መሰለን። ተስፋ አደረግን። ሐኪሙ ይህን ቀድመን ብናውቀው ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ዝናቡ ሳይገባ ሞተች። ኀዘን ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ የታሸገ ውኃ ይዞ መጣ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ተደርድሮ ሳየው ያንን ሁሉ ጠርሙስ ወስጄ ከማደያው አለቆች አንዱ ላይ መወርወር አምሮኝ ነበር። አንዱም ግን አልመጣም። እነሱ ለቅሶ አይደርሱም። ጉድጓዱን ቀጂው ራሱ በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈነው፤ ሰማያዊውን ክዳን ከላይ አስተኝቶ ለሰነው። ሪፖርቱ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልወጣም።

ባለፈው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ልጠይቀው ሄድኩ። ደጃፉ ፊት ፀሐይ የሚመታው ደረጃ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ በጥብቅ የታሰረ የላስቲክ ከረጢት አለ። ጂኦሎጂስቷ አፈሩን ታስርበት የነበረው ዓይነት ነው፤ አስተሳሰሩም የእሷ ነው። ውስጡ የሚስቱ ሻሽ ነበር።

«ቆየት በል፣ ገና አልሞቀም» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ፀሐዩን ጠበቅን። ከረጢቱ በትነት ዳመን ሲል አንስቶ በመዳፉ ለካው፤ ከዚያ ቋጠሮውን በትንሹ ፈታ አድርጎ ወደ እኔ ዘረጋው።

«አሽትልኝ» አለ።

አሸተትኩ።

«ምን ይላል?»

«ሳሙና» አልኩት። «የምትታጠብበት ሳሙና።»

«ሌላስ?»

አፌን አፌን ያየኛል። እንደገና አሸተትኩ። ከሳሙናው ሥር፣ ከጨርቁ ውስጥ፣ እዚያው ነበር። ውሸት እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን ሁላችንም እየሸተተን «እሺ» እያልን የዋሸነው ይበቃዋል።

«ነዳጅ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከረጢቱን ተቀበለኝ፤ ትነቱ እንዳይወጣ አየሩን በጥንቃቄ ይዞ መልሶ ቋጠረው፣ ሁለቴ አጠበቀው፣ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እንግዲያው የሚሸተው እኔን ነው» አለ።